ሁለት ስልክ፣ አንድ ቁርጭምጭሚት

እህተማርያም ስህተቱን ያየችው ከረፈደ በኋላ ነው። የልጇን የእግር ቁስል ፎቶ ጠዋት በክሊኒኩ አፕ ልካለች፤ ነርሷም አይታ መልስ ሰጥታለች። «ቁስሉ ንጹሕ ይመስላል። መቅላትም ሆነ ማበጥ አይታይም። በሳሙናና በውሃ እያጠባችሁ ቅባት ቀቡት፤ መምጣት አያስፈልግም» ይላል መልሱ። እህተማርያምም «ተመስገን» ብላ የልብስ ቅርጫቷን አነሣችና ልጇን ቅድስትን አስከትላ ወደ አፓርታማው ላውንደሪ ወረደች። ማድረቂያው እስኪጨርስ ቆማ ስልኳን ስታገላብጥ ነበር ያንን ፎቶ እንደገና የከፈተችው።

የልጇ ግራ እግር እንዳለ ይታያል። ተረከዟ አጠገብ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የላጠው ቁስል አለ። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ግን፣ ልጅቷ ስትወለድ ይዛው የመጣችው፣ ቤተሰቡ ሁሉ «ማርያም የሳመቻት» የሚለው ጥቁር ምልክት የለም። ቆዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ፣ ፈክቶ፣ ያበራል።

እህተማርያም ድሮም ክፉ ክፉው የሚታያት ሴት ናት። ልጅቷ ካሳለች ሳንባ ምች ነው። ባሏ ንዋይ የጭነት መኪናውን ይዞ ወጥቶ ስልኩን ካላነሣ፣ መኪናው በረዶ ውስጥ ተገልብጦ ይታያታል። በስልኳ ውስጥ ከልጇ ፎቶ ይልቅ የጠፋ ምድጃና የተቆለፈ በር ፎቶ ይበዛል። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ምድጃውን፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት በሩን ታነሣለች፤ በኋላ ጥርጣሬ ሲይዛት ከፍታ ታይና ትረጋጋለች። ዓይኗን አታምንም፣ እጇንም አታምንም። ስልኩን ግን ታምናለች።

አሁንም መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የባሰው ነበር። ደሟ ተመርዞ ይሆን ምልክቷ የጠፋው?

«ቅድስት! እስቲ ካልሲሽን አውልቂ!»

ቅድስት ልብስ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። «ማም፣ አጌን?»

«አውልቂ አልኩሽ!»

ካልሲው ሲወልቅ ምልክቱ እቦታው ነው። ቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ግን እንደ በሰለ ፕሪም ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ መዳፏን ስታሳርፍበት ይፋጃል። ይህንን ትናንት ማታም አይታው ነበር። ነርሷ «ንጹሕ ነው» ስትል ጊዜ ነው ጥፋቱን ወደ ራሷ ዓይን ያዞረችው። እንዲህ ለማድረጓም ምክንያት ነበራት። ከዚህ በፊት ልጅቷን ይዛ በሌሊት ኢመርጀንሲ የሮጠችባቸው ጊዜያት ሁሉ «ምንም የለባትም፣ ይዘሻት ግቢ» በሚል ነው ያለቁት። ንዋይም «አንቺ ደግሞ!» ማለቱን ለምዶታል። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ አልሮጥም፣ አላዋርድም ራሴን፣ ብላ ቆርጣ ነበር።

በዚህ መሐል የላውንደሪው በር ተከፈተና ጊፍቲ ቅርጫቷን በጉልበቷ እየገፋች ገባች። ጊፍቲ ፎቅ ላይ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ወጣት ናት። ከአዳማ በልጅነቷ ነው የመጣችው፤ ሴንት ፖል ኮሌጅ ትማራለች፣ ትምህርት በሌላት ቀን ደግሞ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ስልክ መሸጫ ትሠራለች። አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር የተዋሐደ ነው፤ አክብሮቷ ግን ያልተቀላቀለ ነው።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ምነው ፊትዎ እንዲህ ሆነ?»

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ ስልክ ታውቂያለሽ። ይህንን እዪ፤ ከዚያ ይህንን እዪ።» ስልኩን አሳየቻት፣ ቀጥላም የልጅቷን እግር።

ጊፍቲ ሁለቱን አስተያየች። ፎቶውን ዙም አደረገች። ከዚያ በቀስታ፣ «ለክሊኒክ የላኩት ይህንን ነው?» አለች።

«እሱን ነው። አይታ መልሳለች፣ ደህና ነው ብላለች።»

«እትዬ፣ ማሳመሪያው እኮ በርቷል።»

«ምኑ?»

«በፎቶም በቪዲዮም ቆዳ የሚያለሰልሰው ሴቲንግ ነዋ። ሽፍታም፣ ጠባሳም፣ ጥቁር ነጥብም ካየ ያጠፋል። ቀለም ያቀላል። ስልኩ ይህ ቁስል ነው፣ ያ ደግሞ ማርያም የሳመቻት ነው ብሎ አይለይም። አጥፋ ያሉትን ሁሉ ያጠፋል።»

እህተማርያም ስልኳን ከጊፍቲ እጅ ተቀብላ ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ሰው ልጁ ሲሰደብበት እንደሚያደርገው። «እኔ ምንም አላልኩትም። ይሄ እኮ ምርጡ ስልክ ነው። ንዋይ አስመርጦ ነው የገዛልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ሁሉ የራሱን ትቶ ‹በእህተማርያም ስልክ እንነሣ› ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ካሜራ ሊሳሳት ነው?»

የሁለቱን ስልኮች ስም እዚህ ላይ መጥራት አያስፈልግም። አንደኛው፣ የእህተማርያም፣ ሰው ጠረጴዛ ላይ አርማውን ወደ ላይ አድርጎ የሚያስቀምጠው ዓይነት ነው። ሌላው፣ የጊፍቲ፣ የተፎካካሪው ድርጅት ሥራ ነው፤ ጥግ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። በየግብዣው ስለ እነዚህ ሁለቱ የሚነሣውን ክርክር ያልሰማ የአገራችን ሰው በሚኒያፖሊስ የለም። ወንዶቹ እንደ እግር ኳስ ቡድን ይዘውታል፤ ሴቶቹም አልቀሩም።

«አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው» አለች ጊፍቲ። «ማን ነው ይህንን ያበራልዎ?»

«መቅሊት ናት፣ ጸጉር ቤት የምትሠራው። እኔ ነኝ የለመንኳት።»

«ለምን?»

እህተማርያም ወደ ልጇ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አማቴን አታውቂያትም። እማዬ አሰገደች መልካም ሴት ናት፣ አፏ ግን አያርፍም። እዚህ እንደመጣን የላክነውን ፎቶ አይታ ‹ልጄና የልጅ ልጄ ጠቁረው ከስተው የለም ወይ? አሜሪካ ነው የገባችሁት ወይስ እስር ቤት?› ብላ ሳምንቱን ሙሉ አለቀሰች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ባሏን አታበላም፣ ልጇን አትይዝም ተባልኩ። መቅሊት ይቺን ካበራችልኝ ጀምሮ ‹ተመቻቸው፣ ወዛቸው መለሰ› ነው። ታዲያ ምን ክፋት አለው? ደስ የሚል ፎቶ ነው መልካም ፎቶ።»

«ለግብዣ መልካም ነው፣ እትዬ። ለምስክርነት ግን አይሆንም።»

«አነጋገሯን እይልኝ!»

«ይስሙኝማ። እኛ ሱቅ ሰው ስልክ ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? ካሜራውን ወደ ራሱ ያዞራል። ይሄኛው ያሳምረኛል፣ ያኛው ያስጠላኛል፣ አለቀ። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንሥቶ የሚሞክር አላጋጠመኝም። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ የሚሞክር የለም። ሲሮጥ ልጁን የሚያነሣ የለም። ካሜራ የምንመርጠው ደላላ እንደምንመርጥ ነው፤ ጥሩ የሚያወራልንን።»

«ያንቺስ? ያንቺ ካሜራ አይደለም፤ ጠላት ነው። ባለፈው የጎረቤታችን የኢሊሊ ልጅ ልደት ላይ ያነሣሽኝን አይቼ ሁለት ቀን መስታወት አላየሁም!»

ቅድስት ከጠረጴዛው ላይ ሳቀች። «ኢት ዋዝ ፈኒ፣ ማም።»

«ዝም በይ አንቺ፣ እግርሽን አታወዛውዢ!»

ጊፍቲም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንዲህ አለች፤ «እንሞክር። የኔ ስልክ ይሻላል አልልዎትም። ሁለቱን አንድ ቦታ፣ አንድ ብርሃን ላይ እናድርጋቸውና ዓይንዎ ይፍረድ።»

እህተማርያም አልከለከለችም። ቅድስትን ወደ መስኮቱ አስጠጓት። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ ግማሹን በረዶ ሸፍኖታል፤ ከበረዶው የሚመለሰው ነጭ ብርሃን ግን ጥሩ ነበር። መጀመሪያ በእህተማርያም ስልክ፣ ቀጥሎ በጊፍቲ ስልክ፣ ያንኑ እግር ከዚያው ርቀት አነሡት። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧቸው።

በአንደኛው ላይ የማስታወቂያ እግር አለ። በሌላው ላይ የቅድስት እግር አለ፦ ምልክቷ፣ የቁስሉ ጠርዝ፣ ዙሪያውን የያዘው የጠቆረ እብጠት፣ እብጠቱ ወደ ላይ ወደ ባቷ የላካት ቀጭን መስመር።

እህተማርያም ያቺን መስመር ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ይቺን አላየኋትም ነበር።»

«አሁን ይቆዩ» አለች ጊፍቲ። የእህተማርያምን ስልክ አንሥታ ሴቲንጉ ውስጥ ገባች፤ እያሳየቻት፣ ቀስ እያለች፣ ማሳመሪያውን አጠፋችው። «አሁን በዚሁ በራስዎ ስልክ ያንሡት።»

አነሣችው። ይህኛው ከሁለቱም በለጠ። የቆዳው ቀለም ልክ ነው፤ የካልሲው ላስቲክ የተወው ስርጉድ እንኳ ይቆጠራል።

«አዩ? ስልክዎ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ብርሃን የኔን አሸነፈ። ዓይኑን ሸፍነንበት ነው እንጂ ማየቱንስ ያያል። ይህንን አሁኑኑ ለነርሷ ይላኩላት።»

እህተማርያም ጣቷን ወደ ስልኩ ዘረጋችና መለሰችው። ጉዳዩ የከበዳት እዚህ ላይ ነው። «ምን ይሉኛል ጊፍቲ? ጠዋት ልኬ፣ መልስ ተሰጥቶኝ፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ? እዚያ ክሊኒክ ስሜን ሲያዩ ‹ያቺ የምትጨነቀው ሴት መጣች› እንደሚሉ አውቃለሁ። ነርሷ የተማረች ናት። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ነው የቀረሁት። ደህና ነው ካለች ደህና ነው።»

«ነርሷ የተማረችው ያየችውን ለማወቅ ነው እንጂ ያላየችውን ለመገመት አይደለም። እርስዎ ያላሳዩዋትን እንዴት ትወቅ?»

«ካልሆነስ? እንደ ድሮው ምንም ሳይሆን ቢቀርስ?»

«ምንም ሳይሆን ቢቀር ምን ይቀርብዎታል? ትንሽ ሐፍረት። ቢሆንስ?» ጊፍቲ ወደ ልጅቷ እግር በአገጯ ጠቆመች። «እትዬ፣ ይቆጡኝ፤ እርስዎ እስካሁን በከንቱ ይጨነቁ ነበር ይሆናል። ዛሬ ግን እጅዎ ትኩሳቱን ነክቷል፣ ዓይንዎ ጥቁረቱን አይቷል፣ ትናንት ማታ። ስልኩ ነው ያስካድዎት። ከትናንት ጀምሮ ትክክል የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ይህ ቃል እህተማርያምን ምንኛ እንደነካት ለመናገር ይከብዳል። ሁልጊዜ የምትፈራ ሰው «ትክክል ነበርሽ» የሚላት አታገኝም፤ ብታገኝም የምትሰማው በመጥፎ ቀን ነው። ፎቶውን ላከችው። ከሥሩም፣ የጠዋቱ ፎቶ ማሳመሪያ በርቶበት እንደነበር፣ እግሩ እንደሚፋጅ፣ መስመር እንደወጣ፣ ጊፍቲ እያገዘቻት ጻፈች።

ማድረቂያው ሳይቆም ስልኩ ጠራ። ነርሷ ናት። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፤ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም። ዛሬውኑ ያለ ቀጠሮ ወደሚያዩበት ኧርጀንት ኬር ይዘሻት ሂጂ፣ ነገን አትጠብቂ፣ ሁለተኛውን ፎቶ ስለላክሽው አመሰግናለሁ፣ አለቻት።

ጊፍቲ መኪናዋን አስነሣች። ንዋይ በዚያን ሰዓት አይዋ ግዛት ውስጥ መንገድ ላይ ነበር፤ አውቶቡስ እንዳይጠበቅ ብርዱ አያስቆምም። ኮሎምቢያ ሃይትስን በሴንትራል አቬኑ አቋርጠው ደረሱ። ሐኪሟ እግሩን አየች፣ ነካች፣ በእስክሪብቶ የጥቁረቱን ዳር ተከትላ ቆዳው ላይ መስመር አሰመረች። ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል፤ በጊዜ ስለመጣችሁ በሚዋጥ መድኃኒት ይመለሳል፤ ብትቆዩ ግን አልጋ ያስይዛት ነበር፣ አለች። ቀጥላም፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ፎቶ አንሺ፤ ጥቁረቱ ከዚህ መስመር ካለፈ ደውይ፣ ካላለፈ አትጨነቂ፣ ብላ አሰናበተቻቸው።

«አትጨነቂ» የሚለውን ቃል እህተማርያም ከብዙ ሰው ሰምታዋለች። ምን ስታይ እንደምትጨነቅና ምን ስታይ እንደማትጨነቅ ለይታ የነገረቻት ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

ሲመለሱ መኪናው እስኪሞቅ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ቅድስት ከኋላ ወንበር መድኃኒቷን እንደ ሽልማት በሁለት እጇ ይዛለች። እህተማርያም ትንፋሿ ሲመለስ፣ ጥያቄዋም አብሮ ተመለሰ።

«እሺ ጊፍቲ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የቱ ነው የሚሻለው? ያንቺ ከሆነ ለንዋይ ነግሬው እንቀይራለን።»

«ከጠዋት እስከ ማታ በስልክዎ ምን ይሠራሉ?»

«ምን እሠራለሁ፤ በሥራዬ የምንከባከባቸው አሮጊት ቤት ስገባና ስወጣ በአፕ እመዘገባለሁ። የመድኃኒታቸውን ጠርሙስ አነሣለሁ። ንዋይ የት እንደደረሰ ካርታው ላይ አያለሁ። ቅዳሜ ማታ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ እንነጋገራለን። ደግሞ...» ቆም አለች። «ትስቂብኛለሽ።»

«አልስቅም።»

«ምድጃውንና በሩን አነሣለሁ። መዘጋቱን ለማየት።»

ጊፍቲ አልሳቀችም፤ ከኋላ ግን «ኤቭሪ ዴይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«እንግዲህ ይስሙ» አለች ጊፍቲ። «ለመመዝገቢያው አፕ ሁለቱም ስልኮች ይበቃሉ፤ ፈጣን ነው የሚባለው ልዩነት ለጌም ተጫዋች እንጂ ለእርስዎ አይታወቅም። ለጠርሙሱ ጽሑፍ የእርስዎ ካሜራ ቀረብ ሲል ይሻላል። ጨለማ ውስጥ የኔ ይሻላል። ቪዲዮ ላይ የእርስዎ ድምፅ ይጠራል። በአማርኛ ሲጽፉ የኔ ይቀላል፤ የእርስዎም ኪቦርዱን ካስተካከልነው ብዙ አይቀርም። ባትሪውስ?»

«አታንሺብኝ! ባለፈው አውቶቡስ ስጠብቅ ግማሽ ባትሪ እያለው ድርግም አለ። የጠፋብኝ ስልኩ አልመሰለኝም፤ እኔ ራሴ የጠፋሁ ነው የመሰለኝ።»

«ሁለቱም ብርድ አይወዱም። የኮት ኪስ ውስጥ አይያዙት፤ ከውስጥ፣ ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙት። ይህንን ለማወቅ አዲስ ስልክ መግዛት አያስፈልግም።»

«ስልክ ሻጭ ሆነሽ ‹አትግዢ› ትያለሽ? አለቃሽ ቢሰማ ያባርርሻል።»

«ካባረረኝ ላውንደሪ ውስጥ ሱቅ እከፍታለሁ።» ጊፍቲ መኪናውን ወደ መንገዱ አወጣች። «ሰው ‹የቱ ስልክ ይሻላል› ሲለኝ መልስ የለኝም፣ እትዬ። ‹ለምን ሥራ› ካለኝ አለኝ። ደግሞ ሲገዛ የሚያሳምረውን ብቻ ሳይሆን እውነቱን የሚያሳየውን ይሞክር፤ ማሳመሪያው የት እንደሚጠፋም ይወቅ። ይህንን ካወቀ ርካሹም ያገለግለዋል። ካላወቀ ውዱም ያታልለዋል።»

«ለበሩስ? ለበሩ የቱ ይሻላል?»

«ለበሩ ካሜራ አያስፈልግም። ሲቆልፉ ጮክ ብለው ‹ቆለፍኩ› ይበሉ። ጆሮዎ ከሰማ ጭንቅላትዎ አይረሳም። እናቴ እንዲህ ነው የምታደርገው።»

«እንደ እብድ ለብቻዬ ላወራ?»

«ልጅ አለችዎት አይደል፤ ለእሷ ይንገሯት።»

እህተማርያም ስልኳን ከኮት ኪሷ አውጥታ ከውስጥ፣ ሰውነቷ አጠገብ ያዘችው። እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ በረዶውን ስታይ ነበር።

ማታ እራት እንደበሉ ንዋይ ደወለ። ሁሉንም ስትነግረው እስከ መጨረሻው ሰማ። «አንቺ ደግሞ» አላለም። ስትጨርስ ግን፣ «ታዲያ ያን ስልክ ጣዪው፤ ሌላውን እገዛልሻለሁ» አለ።

«ሌላ አልፈልግም፣ ንዋይ። ስልኩ እንደሆነ ይሠራል። እኛ ነን ያልሠራነው። ከእንግዲህ እውነተኛውን ፎቶ ነው የማነሣው። ነርሷ ያለውን ካየች፣ ሲያስፈልግ ‹ነዪ› ትለኛለች፣ ሳያስፈልግ ‹ቤትሽ ተቀመጪ› ትለኛለች፤ እኔም በሌሊት ልጅ ተሸክሜ አልሮጥም። የአሮጊቷን መድኃኒትም አልሳሳትም። ልጅቷም የራሷን መልክ ታውቀዋለች። ባለፈው ፎቶዋን አይታ ‹ኢዝ ዛት ሚ?› ስትለኝ እኮ ስቄ ነው ያለፍኩት። አሁን ሳስበው አያስቅም።»

ንዋይ፣ «እማዬስ?» አለ።

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል፤ ለእማዬ እደውልላታለሁ።»

ቅዳሜ ማታ እዚህ ሲመሽ፣ አዲስ አበባ እሑድ ሊነጋ ነው፤ ወይዘሮ አሰገደች ለቅዳሴ ነጠላቸውን እየለበሱ ነው የሚያነጋግሯቸው። እህተማርያም ማሳመሪያው መጥፋቱን አየች፣ ደግማ አየች፣ ጸጉሯን ነካካች፣ ከዚያ ደወለች። 

ወይዘሮ አሰገደች ስልካቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «እህተማርያም? ምነው ጠቆርሽ? ምነው ከሳሽ? ታመሻል እንዴ?»

«አልታመምኩም፣ እማዬ። እኔ ነኝ። ድሮም እንዲህ ነኝ። ስልኩ ነበር የሚያቀላኝ፤ ዛሬ አጥፍቼው ነው።»

«ስልኩ?»

«አዎ፤ እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን መልበስ ተዉ። እህተማርያም የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ልቅሶው፣ ጎረቤቱ፣ «ባሏን አታበላም» የሚለው። ቅድስት ግን አልጠበቀችም፤ በእናቷ ክንድ ሥር ፊቷን አሾልካ፣ «ሃይ፣ አያቴ!» አለች።

«ቆይ... ቆይ እስቲ። ዞር በይ፣ ወደ ብርሃኑ።» ወይዘሮ አሰገደች አሁን ስልኩን ከራቃቸው አራቁት። «ይቺ ናት እንዴ የልጅ ልጄ? ይቺ እኮ እህቴ ማሚቴ ናት! ግንባሯ፣ የቅንድቧ አወጣጥ! እስከዛሬ የምትልኪልኝ ልጅ ቆንጆ ነበረች፤ ግን የማን ወገን እንደሆነች ጠፍቶኝ፣ በማን ወጣች እያልኩ እጨነቅ ነበር። ለንዋይ እንኳ እንዳልናገር ደግሞ ነገር ይሆናል ብዬ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው በነጠላው ጫፍ ዕንባ መጥረግን አስከተለ። «ጠቁራለች፤ አልደብቅሽም፣ ጠቁራለች። ማሚቴም ጥቁር ነበረች። የማርያም ምልክቷስ አለ?»

ቅድስት እግሯን እስከ ካሜራው ድረስ አነሣች። የእስክሪብቶው መስመር አለ፤ ከዚያ በላይ ምልክቱ አለ። አያትየዋ ስለ መስመሩ ጠየቁ፤ እህተማርያም ሳትደብቅ፣ ሳታጋንን ነገረቻቸው። ወይዘሮ አሰገደች «እንኳን ዓይንሽን አመንሽ» አሉና ለቅዳሴው እንዳይዘገዩ ተሰናበቱ።

የክሊኒኩን ምክር አልረሳችም። ከመኝታ በፊት በመብራቱ ሥር የልጇን እግር አነሣች፤ ጥቁረቱ ከመስመሩ አላለፈም። መድኃኒቷን ሰጠቻት፣ ብርድ ልብሷን አለበሰቻት፣ የክፍሏን በር ገርበብ አድርጋ ተወችላት። ምድጃውን በእጇ ነካችው፤ ቀዝቅዟል።

ከዚያ ወደ ውጭው በር ሄደች። እንደ ልማዷ ስልኳን ይዛ ነበር። በሩን ገፋ አደረገችው፣ ቁልፉን አዞረችው፣ ሰንሰለቱን አስገባችው። ካሜራው ተከፍቷል፤ በሩ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ጥቂት አየችውና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

«ቆለፍኩ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ፤ በራሷ ትንሽ አፈረች።

ከጨለማው ክፍል፣ እንቅልፍ በተጫነው አማርኛ፣ መልስ መጣ፤ «እሺ እማ። ሰምቻለሁ፤ ቆልፈሻል።»